ጉርዮን የሰማው

የእህቴ የሸፊራ ባል ዘብዳይ ከሮማውያን ጋር ሊዋጋ ሄዶ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። ሞቷል ብሎ የሚመሰክር እስካልተገኘ ድረስ ሌላ ማግባት አትችልም። በእኛ በአይሁድ ሕግ እንዲህ ያለች ሴት እንደታሰረች ታረጃለች።

እኔ ፊደል አይገባኝም። መምህሬ ሁለት ዓመት ገርፎኝ ሲደክመው ለቀቀኝ። አሁን ጽፖሪ ከተማ፣ የሮማውያኑ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ግብጦ እሸጣለሁ። የተማረው ጓደኛዬ ጉርዮን ነው። አብረን ነው ያደግነው፣ አብረን ነው በለስ የሰረቅነው፣ የተገረፍነውም አብረን ነው።

አንድ ቀን ጉርዮን መጥቶ፣ ግብጦ የሚገዛኝ ፕሪስኮስ የሚባለው ጡረተኛ የሮማ ወታደር ዘብዳይ በተዋጋበት ቦታ እንደነበረ ነገረኝ። ልጠይቀው ብድግ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«እንዳትጠይቀው፣ ከጠየቅከው አለቀ። አረማዊ የሚታመነው ሳይጠየቅ፣ በራሱ ወሬ መሃል ካመለጠው ብቻ ነው። ከጠየቅከውማ ደስ ይበልህ ብሎ የፈለግከውን ይልሃል።»

ቤተ መቅደሳችን ከተቃጠለ በኋላ የቀረልን እንዲህ ያለ ክርክር ነው። እነሱ ሰይፍ አላቸው፣ እኛ «ጠየቅከው ወይስ ራሱ አወራ» አለን። ሳቅኩበት። ግን ሰው ማስለፍለፍ የተፈጠርኩበት ሥራ ነው።

ሰውዬውን በነጻ ግብጦ ያዝነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አወራ፦ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ አንዲት ተናካሽ በቅሎ። ዘብዳይ ሸክላ ሠሪ ስለነበር ሸክላ ሠሪዎችን ሰደብኩ። ግራ ጆሮው ግማሽ ስለነበረች ስለ ጆሮ ቆራጦች ዘፈን አወጣሁ። ሰውዬው ተመልሶ በቅሎዋ ላይ ነው።

በአሥረኛው ቀን ግብጦ አለቀብኝና ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ጉርዮን ሮጦ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ፕሪስኮስ ማንም ሳይጠይቀው አውርቶታል፦ ዘብዳይ የሚባል ግማሽ ጆሮ ያለው ሸክላ ሠሪ ዋሻ ውስጥ እሱ እጅ ላይ ሞተ፣ እሱም በድንጋይ ሸፍኖ ቀበረው።

ሸፊራ ልብሷን ቀዳ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰችለት። በስምንተኛው ቀን ፊቷን ታጥባ፣ «እንግዲህ ሐልፋይ፣ ከዛሬ ጀምሮ መበለት በለኝ» አለችኝ። እንደ ሹመት ነው ያወራችው። በዚያው ሳምንት ፕሪስኮስ በመርከብ ወደ አገሩ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብን። ዋናው ዳኛ አባ ምናሔም ከማን እንደሰማሁ ጠየቁኝ። ከጉርዮን አልኩ። ወደ እሱ ዞሩ።

ጉርዮን ወለሉን እያየ፣ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ እኮ። ከዚያ በልብሱ ጎትቼ አወጣሁት።

«ምን ነካህ አንተ?»

«የመሰከረ ሰው የመሰከረላትን ሴት አያገባም። ሕግ ነው» አለኝ። «እኔ ደግሞ ሸፊራን... ከድሮ ጀምሮ ነው።»

ፕሪስኮስን እንደገና አስለፍልፈን ሌላ ሰው እንዲሰማው ነበር ያሰበው። መሄዱን አላወቀም፣ የተማረ ደደብ። ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

ሸፊራ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም።

«ጉርዮን፣ ዝም ብትልም አላገባህም፣ ብትናገርም አላገባህም። ስለዚህ ግባና ተናገር።»

ገባ። ስለ ጆሮው፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ድንጋዩ እያለቀሰ ተናገረ። አባ ምናሔም ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ልጄ፣ ሸንጎ ፊት አልሰማሁም ያለ ሰው ተመልሶ ሰማሁ ቢል አንቀበለውም» አሉ።

«አባ፣ ስለ በቅሎ ሲቀባጥር የሚውል አረማዊ አምናችሁ ይሄ እያለቀሰ የሚናገረውን አታምኑትም?» አልኳቸው።

«እኔማ አምኜዋለሁ፣ ሕጉ ነው የማይቀበለው» አሉ።

ሸፊራ እንደ ባለትዳር ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች። ሮማውያን ሰፈራችንን ሲያቃጥሉ አይቻለሁ። እነሱ ግን ጠላት ነን ብለው ነው የመጡት።

ጉርዮን ከኋላችን እየተከተለ ስሜን ይጠራል።

«አትዙር» አለችኝ።

አልዞርኩም።