ለእንግዳ የሚከፈት ቁም ሳጥን

የመምህርቷ አክስት ባል ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲቸረችር ኖሮ በስተርጅና ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጅም እንደ ጎማ ነው፣ በደንብ ከነፉት ይሮጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ከእጁ በማይለየው ደወል የተነሳ ልጆቹ «ጋሼ ቃጭል» ይሉታል። መምህርቷም በልቧ ከዚህ የተሻለ ስም አልሰጠችውም።

የቀጠራት ለዝምድና ብሎ አልነበረም። ልጆች ሥራቸውን ራሳቸው መርጠው፣ እንደየአቅማቸው የሚራመዱበትን የማስተማር ዘዴ ተምራ መምጣቷን ሲሰማ ገበያ ሸተተው። ወዲያው በሩ ላይ «እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት!» ብሎ በትልቁ አስጻፈ። የእንጨት ቅርጾች፣ ዶቃዎች፣ በጣት እየዳሰሱ የሚማሯቸው ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላት አስመጣ። ከዚያ ሁሉንም ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ይቆሽሻሉ» አላት።

«ጋሼ፣ ሊቆሽሹ አይደል እንዴ የተገዙት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰሌዳው ምን ጎደለው?»

ልጆቹ መስታወቱን በአፍንጫቸው እያደበዘዙ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን በአንድ ድምፅ እየጮኹ ከረሙ። የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ግን ከጩኸቱ እኩል መሄድ አቃታት። ሌሎቹ «መ» ሲደርሱ እሷ ገና «ለ»ን ታጣጥማለች። ጋሼ ቃጭል ወደ ኋላ ወንበር ወረወራት፤ እናቷንም አስጠርቶ «ጭንቅላቷ አይቀበልም» አላት።

የወላጆች ጉብኝት ቀን ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ሰውዬው ልጆቹን በጠዋት አሰልፎ አለማመዳቸው።

«እንግዶች ሲገቡ በነፃነት ትመርጣላችሁ! አንተ በነፃነት ዶቃውን፤ አንቺ በነፃነት እንጨቱን። ሌላ የመረጠ ወዮለት!»

የልብስ ሰፊዋን ልጅ ዘሎ አለፋት። ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል፤ ንቀትም አይደበቅምና መምህርቷ በሰውዬው «ነፃነት» ሳቋ አመለጣት።

ወላጆቹ ገብተው በየግድግዳው ተደረደሩ። ሁሉም ልጅ የታዘዘውን «መረጠ»። ያቺ የተረሳች ልጅ ብቻ ከኋላ ተነስታ የፊደላቱን ሳጥን አወረደች፤ መሬት ላይ ተቀምጣም «ላ»ን በጣቷ ትዳስስ ጀመር። ደጋግማ፣ ደጋግማ። ደወሉ ሲያቃጭል ሌሎቹ ደንግጠው እጃቸውን ሲሰበስቡ እሷ ቀናም አላለች።

«ልጄ፣ ሰዓት አልቋል» አለ ጋሼ ቃጭል በጥርሱ ፈገግ ብሎ፣ ሳጥኑን ወደ ራሱ እየሳበ።

መምህርቷ ሳጥኑ ላይ እጇን ጫነች። «ጋሼ፣ በርዎ ላይ ያለው እንደዚህ አይልም።»

ልጅቷ ሁለቱንም አላየቻቸውም። «ም»ን ፈልጋ ከ«ላ» ጎን አኖረችና ትኩር ብላ አየች።

«ላም!» ብላ ጮኸች። «ላም ነው የሚለው!»

እናቷ ከግድግዳው ተላቃ መጣች። «ጭንቅላቷ አይቀበልም አላሉኝም?»

«ይኸው ዘዴያችን አስተማራታ!» አለ ሰውዬው ሳያፍር።

«ቁም ሳጥኑ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ነው» አለች መምህርቷ ሁሉም እንዲሰማ። «ነገ ይቆለፋል።»

ከሰዓት በኋላ ተባረረች። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ እንዲያውም የበሩ ጽሑፍ መብራት ተጨመረለት። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አስወጣች፤ ሁለት ጎረቤቶችም ተከተሏት። መምህርቷም እነሱን ለማስተማር የቤቷን የእንግዳ ክፍል ባዶ አድርጋ ልጆች የሚደርሱበት መደርደሪያ አሠራች፤ ፊደላቱንም በመቀስ ራሷ ቆረጠች። እዚያ አንዱ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ወደ ኩባያ ሲገለብጥ ይውላል፤ ሌላዋ ሳትጠየቅ ታነባለች። የሚያጣድፋቸው የለም።

አንድ ቀን አክስቷ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«እሱ ጋ ስትማር ቆይታ መናገር ሁሉ ተወች» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ጋሼ ያውቃሉ?»

«እሱ ነው የላከን። ለሰው እንዳትነግሪ ብሏል።»

መምህርቷ ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጠችው፤ ሕፃኗ ምን በደለች? እጇን ይዛ አስገባቻት። ልጅቷ ክፍሉ መሃል ቀጥ ብላ ቆማ ትእዛዝ ጠበቀች። በመጨረሻ በሹክሹክታ፦

«ምን ልሥራ?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እናት? እስቲ ዞር ዞር በይና እይ።»