ለኸዋጃው ጦርነት የተሠሩ ሁለት ቤቶች

«በእጅህ አትንካው! አትንካው እያልኩህ!» ሲል ከቢር ጮኸ።

በሽቦ ከእሳቱ አፍ የሳባት ጡብ የበቆሎ ፍሬ ብታህል ነው። ግን ግላለች፣ የዝሆን ቆዳ ትበሳለች። ሳዲቅ የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ ሳለ፣ ሳለ፣ ሳለ።

የካርቱም ዳርቻ፣ የጀሪፍ የጡብ ምድጃ ጭስ እንደ ሌላው ጭስ እንዳይመስላችሁ። እበት የተለወሰበት የአባይ ጭቃ ሲተኮስ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ቁራዎች መንገድ ጠፍቷቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሁለቱ የወሎ ልጆች በመተማ አብረው ሱዳን ከገቡ ጀምሮ ይህን ጭስ ሲበሉ ኖሩ፤ አሁን ተራው የጭሱ ሆነና የሳዲቅን ደረት መብላት ጀመረ። ሐኪሙ ምንም አልደበቀውም፤ «ከዚያ ምድጃ ካልራቅህ መጪውን ኸሪፍ አታየውም» ብሎታል። ኸሪፍ ማለት የካርቱም ክረምት ነው፤ እሱም ቢሆን ደጅ ላይ ደርሷል።

ከቢር ግን ደረቱ እንደ ታንክ ነው። የታመመው ኩራቱ ነው። «የካርቱምን ግማሽ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላውን ግማሽ የሚያቆም ጠፍቶ ነው የሚፈርሰው» እያለ የሚፎክር ሰው፣ ዓመት በዓመት ጭቃ ሲረግጥ መታየቱ እንቅልፍ ይነሳዋል።

መውጫ ቀዳዳውን ያመጣችው ረሺዳ ናት። ረሺዳ የኮምቦልቻ ሴት ናት፣ እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር አንድ መሐንዲስ ኸዋጃ፣ ማለት ፈረንጅ፣ ቤት ታበስላለች። ይህ ኸዋጃ ሽማግሌ ነው፣ ጢሙ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ግን መጫወቻ ይጫወታል። አርብ አርብ መሰሎቹን ይሰበስብና የኳስ ሜዳ በሚያህል ጠረጴዛ ላይ ጣት የማያክሉ የእርሳስ ወታደሮችን ያሰልፋል። ነጠብጣብ ያለባትን ጠጠር እየወረወሩ ሲዋጉ ይውላሉ። የሚሞተውን ጠጠሯ ትወስናለች። ታዲያ ወታደር እንጂ ቤት የለውም፤ ጦሩ ሁልጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የሚያልቀው። ረሺዳ ጡብ ሠሪዎች አውቃለሁ ስትለው ዓይኑ በራ። ገፊሩ፣ ማለት የበር ጠባቂው፣ አገሩ ከገባ ሰንብቷል።

«ሁለቱም ለወታደሮቼ ቤት ይሥሩልኝ፤ የበለጠው ገፊር ይሆናል» አለ። ለገፊሩ ሙከይፍ ያለው ክፍል አለው። ቀዝቃዛ አየር! ጭስ የለ፣ ጭቃ የለ።

ይኸው ዛሬ ቤቶቹ የሚመረጡባት አርብ ማለዳ ነው። የከቢር ቤት በመጨረሻዎቹ ጡቦች ተጠናቀቀ። የሳዲቅ ቤት በካርቶን ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«ከቢሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለ ሳዲቅ፣ ትንፋሹ መለስ ሲልለት። «የኔ ጡብ አልተተኮሰም።»

«ምን አልክ?»

«እሳቱ አጠገብ መቆም አቃተኝ። ጥሬውን ደረደርኩት፣ ላዩን በሸክላ ዱቄት ቀባሁት። እስቲ እየው፣ ይለያል?»

ከቢር ጨርቁን ገለጠ። አይለይም። እንኳን ኸዋጃው፣ ጡቡ ራሱ የተተኮሰ መስሎታል።

«ውሃ ካልነካው መቶ ዓመት ይቆማል» አለ ሳዲቅ። «ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማን ውሃ ያፈሳል? ለማንም እንዳትናገር፣ አኹይ፣ ወንድሜ።»

«እኔ? ወላሂ ምላሴን ይቁረጡት! ያላ፣ ተነስ፣ መኪናው ይሄድብናል።»

በአምጃድ ታክሲ ቤታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ረሺዳ በሩን ስትከፍት የከቢርን ካርቶን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፣ ወገቧ ሊቀነጠስ ነበር። «ምንድነው ይሄ? መቃብር ተሸክመህ መጣህ እንዴ?»

«ቤት ነው! ዝሆን ቢቆምበት አይሰነጠቅም።»

«ጨዋታው ላይ ዝሆን የለም፣ አያ ከቢር። ግቡ፣ እየጠበቁ ነው።»

ሁለቱ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ ቆሙ። የከቢር ቤት ምሽግ ነው፤ ሲያስቀምጡት ጠረጴዛው አቃሰተ፣ በአቅራቢያው የተሰለፈው ጦር በሙሉ በጀርባው ወደቀ። ከቢር እንደ ሠራው የጀሪፍ ቤት ሁሉ ጣሪያውንም በሲሚንቶ ደፍኖ፣ አጥብቆ፣ አለስልሶ ዘግቶታል። ኸዋጃው ጣሪያውን ላንሳ አለ፤ አልነሳ አለው። ወታደር በበሩ ላስገባ አለ፤ በሩ ተከርችሟል። ከቢር ቤትን ለሌባ እንጂ ለጨዋታ ሠርቶ አያውቅማ።

የሳዲቅን ቤት ግን ኸዋጃው ጎንበስ ብሎ አየውና ቀና ማለት አቃተው። መስኮቶቹ የክብሪት እንጨት ፍርግርግ አላቸው። የግቢው አጥር ጥግ ላይ ለመንገደኛ የሚቀመጡት የውሃ ጋኖች እንኳ ምስር አክለው ተደርድረዋል። ጣሪያው እንደ ክዳን ይነሳል። ኸዋጃው ሁለት ወታደሮች ውስጡ አስገብቶ ክዳኑን መለሰና እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ በጣቱ ሳዲቅን አመለከተ።

«አንተ ነህ ይሉሃል» አለች ረሺዳ። «ሳዲቅዬ፣ ወጣህ! ኸላስ፣ አበቃ፣ ከጭሱ ወጣህ!»

ሳዲቅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ዞሮ ያየው ከቢርን ነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እንዲስቅለት የፈለገው እሱን ነበር።

ከቢር አልሳቀም።

«ረሺዳ፣ አንድ ነገር በያቸው» አለ። «ኸሪፉ እየመጣ ነው። የቤት ወንድነቱ የሚታየው በዝናብ ነው። ሁለቱንም በውሃ እንፈትናቸው በያቸው።»

«ከቢር» አለ ሳዲቅ።

«ለጨዋታ ነው፣ ምን አለበት?»

«ከቢር፣ ተው። ቃል ሰጥተኸኛል።»

ረሺዳ ሁለቱን ተራ በተራ አየች። «የምን ቃል?»

«ተርጉሚ» አላት ከቢር።

እሷ ባትተረጉምም ኸዋጃው የውሃውን ነገር ከከቢር እጅ እንቅስቃሴ ተረድቶታል፤ ፈተና ይወዳል፣ ራሱን ነቀነቀ። ከቢር በረዶ የሚንሳፈፍበትን የውሃ ጆግ አነሳ። መጀመሪያ በራሱ ቤት ላይ አፈሰሰ፤ ውሃው ተንሸራቶ ወረደ፣ ጡቡ እንዲያውም ቀይነቱ ጎላ። ቀጥሎ በሳዲቅ ቤት ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው፣ አንቆረቆረ።

ቤቱ በአንዴ አልወደቀም። መጀመሪያ ቀዩ ዱቄት ታጠበ፤ ከዚያ ጥጉ ላላ፤ ከዚያ የፊቱ ግድግዳ እንደ ሰከረ ሰው ወገቡ ላይ ታጥፎ ተቀመጠ። ሳዲቅ መዳፉን ከሥሩ ዘርግቶ ሊይዘው ሞከረ። በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። የክብሪት ፍርግርጎቹ ብቻ በመዳፉ ላይ ቀሩ።

 ከዚያ ኸዋጃው አጨበጨበ።

«ሐርብ!» አለ በሚያውቃት ቁራጭ አረብኛ። ጦርነት! ግማሹ በፈረሰው ግድግዳ ላይ አንድ ወታደር አቆመ፣ ሌላውን ጭቃው ውስጥ በደረቱ አስተኛ። ዞሮ ዞሮ አየው። ስንት ዓመት ሙሉ ያማረው በቦምብ የተመታ ቤት ነበር ለካ! ረሺዳን ይዞ ለረጅም ጊዜ አወራ።

እሷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ተረጎመች። «ጦርነትን የተረዳው አንተ ነህ ይላሉ፣ ከቢር። ገፊሩ አንተ ነህ። እንዲህ የፈረሰ መንደር ሙሉ ትሠራላቸዋለህ።»

«አልነገርኩሽም?» አለ ከቢር። ድምፁ ግን ፉከራውን አልሞላውም።

«አልጨረስኩም። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው ይላሉ። ሥራው ስለሚበዛ ጓደኛህ አብሮህ ይሁን ወይስ ይሂድ? ከዛሬ ጀምሮ የበሩ ኃላፊ አንተ ነህ፣ አንተ ወስን አሉ።»

ከቢር ሳዲቅን አየው። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጭቃ የነካ እጁን በሸሚዙ እየጠረገ ነው፤ ሳል ቢጀምረውም ኸዋጃው እንዳይሰማ በክንዱ ያፍነዋል። አልለመነም። ቀና ብሎ ከቢርን አየው።

ለምኖት ቢሆን ይቀለው ነበር። ከቢር ሁለተኛውን አልጋ አሰበ፤ በየማለዳው ከዚያ አልጋ ላይ ተነስቶ እንዲህ የሚያየውን ዓይን አሰበ።

«ለአንድ በር አንድ ሰው ይበቃል በያቸው።»

ረሺዳ አልተረጎመችም። «ሐኪሙ ያለውን ታውቃለህ አይደል?»

«ተርጉሚ።»

ተረጎመች። ኸዋጃው «ታማም»፣ ጥሩ፣ ብሎ ወደ ወታደሮቹ ዞረ፤ የወደቁትን አንድ በአንድ ያቆም ጀመር። ሳዲቅ ባዶ ካርቶኑን አንስቶ ወጣ። ከቢርም ቀድሞት ሄዶ የገፊርነቱን የመጀመሪያ ሥራ ሠራ፤ በሩን ከፈተለት።