መፈክር የሸፈነው መስኮት

አልጋነሽ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የሺ የስፌት መኪናዋን ትታ ሮጠች፤ ፍም የሞላውን ካውያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ልጅቱን በብብቷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተቻት። አልጋነሽ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

"በሩን ዝጉት፣ ነፋስ እንዳይመታት" አሉ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አቶ ሐድጉ። "ምች ነው። ዳማከሴ የያዘ የለም?"

ዳማከሴማ ሞልቷል። ከጥር ወዲህ ራሱን ያላመመው ሰው ስለሌለ የሁሉም ኪስ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል። የሺ ግን በሩን አላስዘጋችም። ከዚህ በፊት የወደቁትም ሁለት ሰዎች ነፍስ የዘሩት ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ደግሞ ብሶባቸዋል። አልጋነሽም ብርዱ ፊቷን ሲነካት ዓይኗን ገለጠች።

የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር የሚሠራው ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ጣልያን በሠራው አሮጌ ፎቅ ውስጥ ነው። ሁለቱ መስኮቶች ወደ ጎዳናው ያያሉ፤ ያዩ ነበር ማለት ይሻላል። መስከረም ላይ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ ትልቅ የመፈክር ሰሌዳ ከውጭ ተቸነከረባቸው። በዓሉ አለፈ፣ ሰሌዳው ቀረ። መፈክር በገዛ እጁ ነቅሎ የሚያወርድ ጀግና ደግሞ ፒያሳ ውስጥ ገና አልተወለደም። ስለዚህ የማኅበሩ ሊቀመንበር እምሩ ከቀበሌ ፈቃድ እንዲያመጣ ተላከ።

እምሩ የየሺ አበልጅ ነው፤ ወንድ ልጇን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። "ቀበሌ እምቢ ብሏል" ብሎ ሲመለስ ሰዎቹ አጉረመረሙ። ዝም ያሰኘቻቸው የሺ ነበረች። "አበልጄን አውቀዋለሁ፤ አይዋሽም" ብላ ማለችላቸው። አራት የከሰል ካውያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ከረመ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ክሊኒክ ጤና ረዳት ስለ ፀሐይም ስለ ነፋስም አልጠየቀም።

"ከሰሉን የት ነው የምታቀጣጥሉት?"

"እዚያው ክፍል ውስጥ" አለች የሺ።

"መስኮትስ?"

"አለ፤ ግን ተሸፍኗል።"

ጤና ረዳቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄ ምች አይደለም። ከፍሙ የሚወጣ መርዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ውስጥ ይገባል። ለፅንሱ ደግሞ ይብሳል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፤ የምትተኩሱትም በርና መስኮት ተከፍቶ፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ ይሁን። ነፋስ ነፋስ እያላችሁ ራሳችሁን አትግደሉ።"

ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጣት።

"ነገ ሥራ እገባለሁ፣ እትዬ የሺ" አለች አልጋነሽ በር ላይ ሲደርሱ። "ከቀረሁ ይቆረጥብኛል።"

የሺ እሷን ቤቷ አድርሳ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደች፤ ወረቀቱን ሲያዩ ልባቸው ይራራል ብላ ነበር። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ለተክርስቶስ መዝገብ ገለጡና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

"ፈቃዱ እኮ በታኅሣሥ ተሰጥቷል፤ ሊቀመንበራችሁ ፈርመው ወስደዋል።"

ፊርማው የእምሩ ነው። የሺ ደጋግማ አየችው፤ የሌላ ሰው እንዲሆንላት ተመኘች። ከንዴቱ በፊት የመጣባት ሀፍረት ነበር፤ በእሱ ስም ምላ ዝም ያሰኘቻቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታያት። አራት ወር ሙሉ ያንን አየር አብረው ስበዋል።

የእምሩ ክፍል እዚያው ፎቅ ላይ፣ በግቢው በኩል ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"አበልጄ፣ ልጅቱ እንዴት ሆነች?" አላት።

"ቀበሌ እምቢ አለ ብለኸኝ አልነበር?"

"ማን ምን አለሽ?"

"ፊርማህን አየሁት።"

እምሩ ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። "ስሚኝማ። ማኅበራችን በአርአያነት ታጭቷል። ለላብ አደሮች ቀን ሊጎበኙን ይመጣሉ። በዚህ ጎዳና ላይ መፈክሩን ያላወረደው የእኛ ማኅበር ብቻ ነው፤ ያስመሰገነንም እሱ ነው። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።"

"አልጋነሽ የምትገባው ነገ ነው" አለችና የጤና ረዳቱን ወረቀት አሳየችው።

"ምች ነው በያቸው። የሐኪሙን ወረቀት ደግሞ ለእኔ ስጪኝ። እኔና አንቺ እኮ በልጅ የተሳሰርን ነን።"

"እኔም ያመንኩህ ለዚሁ ነበር" አለች። እንባዋ መጣባት፤ እሱ ፊት ግን አላፈሰሰችውም። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ሥራ ክፍሉ ስትገባ መኪናዎቹ ቆሙ።

"ፈቃዱ ከታኅሣሥ ጀምሮ እምሩ እጅ ነበር" አለቻቸው። "ዝም ያሰኘኋችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።"

አንድ በአንድ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። አቶ ሐድጉ እንኳ አቀርቅረው ክር መፈለግ ያዙ። ሊቀመንበሩ ካላዘዘ ሰሌዳውን የሚነካ ሰው እንደሌለ ገባት። የአልጋነሽን ካውያ ከነማስቀመጫው አንስታ ወደ እምሩ ክፍል ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ መሐል አስቀመጠችው።

"ምን ማድረግሽ ነው፣ አበልጄ?"

"ጓድ ሊቀመንበር" አለች የሺ፣ "የተከፈተ መስኮት ያለው እርስዎ ክፍል ብቻ ነው። ከእንግዲህ የምንተኩሰው እዚህ ነው።"

ዘጠኝ ዓመት "አንተ" ስትለው ኖራለች። እምሩ "እርስዎ" መባሉን ሰምቶ ደነገጠ፤ ከካውያው ይልቅ እሷን እሷን አየ።

"የሺ፣ ተይ እንጂ፤ እዚህ ከሰል እየነደደ እንዴት ብዬ ልቀመጥ?"

"ምች ነው ብለዋል እኮ" አለችው፤ ሁለተኛውን ካውያ ልታመጣም ሄደች።