ከደጅ የተደፋው ዚር

ሰገነት የቆላዋን ከተማ ገንዳ ውሃን የተጸየፈችው ገና ከአውቶቡስ ሳትወርድ ነው። በመስኮት የገባው አየር ላብ ላብ፣ ናፍጣ ናፍጣና የፍየል ሽንት ሸተታት፤ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ጫማዋን ከእግሯ አውልቆ አስቀረው። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ ያየችው ሁሉ አንገሸገሻት። ወጡ ሲከደን ጢንዚዛው አብሮ ይከደናል። ቅቤው ዘይት ሆኖ ከቅሉ ይፈሳል። አንሶላው ከጀርባ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሳል። «ይኸንም ክረምት ይሉታል!» ትላለች ለጎረቤቱ ሁሉ። «የዳባትን ክረምት አላያችሁ!»

ክረምት ማለት ለእሷ የዳባት ክረምት ነው። የስምንት ዓመት ልጇን ፅዮንን አጠገቧ አስቀምጣ ታወራላታለች፤ ትምህርት ሲዘጋ በረዶ በቀሚሷ አፍሳ ወንድሟ ማጅራት ውስጥ ስትከት፣ ጉሙ ጎረቤት ሲሰውር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ የገብስ ቆሎ ስትቆረጥም። ስለ አምናው ክረምት ግን ትንፍሽ አትልም። አምና የባሏ የአገኘሁ ጋራዥ ተዘግቶ፣ ሦስቱም ከወንድሟ ጓዳ ተጠግተው ነበር። የወንድሟ ሚስት አሰፋች የዱቄቱን በርሜል ቆልፋ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አስራ ነው ክረምቱን ያሳለፈችው። እንዲህ ያለውን ማን ለልጁ ያወራል?

አገኘሁ እዚህ የሰሊጥ እርሻ ወኪል ሆኖ ተቀጥሯል። ባለሀብቱ ጎንደር ተቀምጦ በስልክ ያዛል፤ ትራክተሩንም ሠራተኛውንም የሚያንቀሳቅሰው አገኘሁ ነው። ሰገነት «አልችለውም» ብላ ባለቀሰች ጊዜ ተስማምተው ነበር፤ እስከ ጳጉሜን ካልለመደች ሥራውን ትቶ ሁሉም ዳባት ይመለሳሉ። እሷ ቀኑን ትቆጥራለች፤ እሱ ሥራው እንዲሰምርለት ስለት ይሳላል።

ከሁሉ ከሁሉ የቀፈፋት ግን የደጃቸው ዚር ነው። ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ እዚህ አገር መንገደኛ እንዲጠጣበት ውሃ ተሞልቶ ከደጅ ይቆማል። በገመድ የታሰረች አንዲት ጣሳ አለችው። ለአረም ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ሁሉም ከዚያችው ጣሳ ይጠጣል። ከንፈሩ የቆሰለው ይጠጣል፤ ጢሙ ላይ ንፍጥ የደረቀበት ይጠጣል፤ ጉንጩ ውስጥ የወሸቀውን ቶምባክ የሚሉትን ትንባሆ አውጥቶ በጣቱ ይዞ የሚጠጣም አለ። የተረፈውን መልሶ ዚሩ ውስጥ የሚደፋው ደግሞ አለላችሁ!

አንድ ጠዋት ፅዮን ያችን ጣሳ ግጥም አድርጋ ስትጠጣ አገኘቻት። ከእሷ በፊት የጠጣው ሰውዬ ገና ቶምባኩን ወደ ጉንጩ እየመለሰ ነበር። ሰገነት ልጅቱን በክንዷ ጎትታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። ከዚያ ዚሩን በሁለት እጇ ገፍታ ደፋችው። ውሃው በዋልካው ላይ ሲንዠቀዠቅ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እማ፣ ሰዎቹስ ምን ይጠጣሉ?» አለች ፅዮን።

«ወንዝ ይውረዱ!»

ዚሩን በየጠዋቱ የምትሞላው ጎረቤታቸው ረቢዓ ነበረች፤ ሻይ ቅጠልና ጨርቅ ከድንበር እያመጣች የምትነግድ፣ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት። ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ የተደፋውን ዚር አየችና ደርቃ ቀረች።

«ምነው እህቴ? ወላሂ ይኸ ጥሩ አይደለም። ውሃ እኮ ነው።»

«የሰው ምራቅ ነው እንጅ የምን ውሃ! ዳባት እንዲህ ያለ ቆሻሻ የለም። ከፈለጉ ከራስዎ ደጅ ይትከሉት።»

ረቢዓ ጀሪካኑን እንደሞላ ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን አገኘሁ የትራክተሩን ተሳቢ ባዶውን እየጎተተ ተመለሰ። ስድሳ ሰው ሊጭን ወጥቶ አንድ እንኳ አልተሳፈረለትም።

«ዚሩን አንች ነሽ የደፋሽው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ምን ይሁን?»

«ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ‹ውሃ የነፈገን ላባችንንም ይነፍገናል› ብለው እምቢ አሉኝ። ሰሊጡን አረም ውጦታል። ባለሀብቱም ‹ነገ ሰው ካላስገባህ ሌላ ወኪል አለኝ› ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።» ቆጣ እንኳ አላለም። «እንግዲህ ደስ ይበልሽ፤ አገርሽ ልትገቢ ነው።»

ስትለምን የከረመችው እጇ ገባ። ደስታው መጣሁ መጣሁ ሲል ግን የአሰፋች አንገት ታያት፤ ቁልፉ፣ ከበርሜሉ አጠገብ «ራበኝ» እያለች የምትቆመው ፅዮን፣ ሰምታ እንዳልሰማች የምታልፈው አሰፋች። ያም ያስጸይፋል፣ ይኸም ያስጸይፋል። ሰው ከሁለት ቆሻሻ ይመርጣል? ሲቸግረው ይመርጣል።

በማግስቱ ጠዋት ሰገነት ከረቢዓ ደጅ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ቆመች። «እትየ ረቢዓ፣ ጀሪካኑን ያውሱኝ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ረቢዓ፤ ቢሆንም ጀሪካኑን ሞላች፣ ጣሳ ጨመረች፣ አብራትም ወጣች።

ሠራተኛው ከመንገዱ ዳር ባሉት የኒም ዛፎች ጥላ ሥር ተኮልኩሎ ነበር። አገኘሁ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሟል። ሰገነት ውሃ ቀድታ፣ የሠራተኛው ሁሉ አፍ ለሆኑት ሽማግሌ፣ ለአያ ወንድማገኝ በሁለት እጇ አቀረበች።

«አጥፍቻለሁ አባቴ። ይጠጡልኝ።»

«ተጠየፍሽን አሉ» አሉ ሽማግሌው። ቶምባካቸውን በጣታቸው አወጡ፣ ግማሹን ጠጡ፣ ጣሳውን መለሱላት። «የቀረውን አንች ጠጭው።»

ጣሳው ውስጥ አየች። ቡናማ ነገር ይንሳፈፋል፤ ጠርዙ ላይ እርጥብ የከንፈር ምልክት አለ። ጣሳውን ብትመልስ ማንም አይገድላትም፤ ነገም የጎንደር አውቶቡስ አለ። ባሏን አየችው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ጨፈነችና ጨለጠችው። ለብ ያለ፣ መራራ፣ የሰው አፍ አፍ የሚል ነበር። ሁለቴ ወደ ላይ መጣባት፣ ሁለቴ መልሳ ዋጠችው። ከዚህ የከፋ ነገር በዕድሜዋ ቀምሳ አታውቅም።

ሽማግሌው ሳቁ። «በሉ ተሳፈሩ!» ሰዉ ጓዙን እያነሳ ተሳቢው ላይ መውጣት ጀመረ። አገኘሁ በረጅሙ ተነፈሰ።

አያ ወንድማገኝ አንድ እግራቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ዞሩ። «እኛ ከዳባት ነን ልጀ። እኛ አገር ውሃ የተጠየቀ ሰው ጠላ ነው የሚሰጥ፤ ለዚያ ነው የከፋን። አንችስ አገርሽ ወዴት ነው?»

ወር ሙሉ ስትኩራራበት የከረመችው ስም ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቷን ሊያውቋቸው ይችላሉ። አረሙ አልቆ አገራቸው ሲገቡ የሚያወሩት ታያት። አሁን ከጠጣችው ውሃ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

«እዚሁ ነኝ» አለች። «የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ።»

«ገምቸ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «የኛ አገር ሴትማ እንዲህ አታደርግም።»

ረቢዓ እዚያው አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ጣሳውን ከሰገነት እጅ ወሰደችና ለሚቀጥለው ሠራተኛ ቀዳች።