አንባቢዋ አስቀድማ አታይም

አቡ ዳቢ ያለው የአል ዋሕዳ ሰፈር የመጽሐፍ ማኅበር አንድ ደንብ ነበረው፤ አንባቢዋ አስቀድማ አታይም። የምታነበውን ከሌሎቹ እኩል ትሰማዋለች።

ወረርሽኙ ገብቶ የአቡ ዳቢና የአል ዐይን መንገድ ሲዘጋ፣ መጽሐፎቹ በሸዋረጋ ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። አሠሪዋ ማዳም ልጆቿን ይዛ አል ዐይን፣ አል ኸቢሲ ሰፈር እናቷ ቤት ስትገባ የልጆቹ ሞግዚት ሸዋረጋም አብራ ሄዳለች። ስለዚህ በስልክ ታነብላቸዋለች። የሺሐረግ አል ዋሕዳ ከምታበስልበት ወጥ ቤት፣ ማቴዎስ ያስ ደሴት ከሚሠራበት ሆቴል የሠራተኞች መኝታ ይሰማሉ። ደሴ ያለችው ሣሮንም ትምህርት ቤት ሲዘጋባት ማኅበሩ ውስጥ ገብታለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሸዋረጋን «እታለም» ትላታለች፤ ታላቅ እህቷ ናት ተብላ ነው ያደገችው። የወለደቻት ግን ሸዋረጋ ናት። ይህን የሚያውቁት ሸዋረጋና እናቷ ብቻ ናቸው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ተኙ። ሸዋረጋ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ዘግታ ተቀመጠች። የሚመረጠው ከሁለት ልብ ወለዶች አንዱ ነበር። የአንደኛውን የመጀመሪያ ገጽ አነበበች፤ በበቅሎ ጭኖ ስለሚጓዝ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። ሁለተኛውን ገለጠች።

«እናቴን እህቴ እያልኩ አደግኩ። ከቤታችን ሰው ይህን የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ከገዛ አፏ ሰማችው። ብታቆም ይታወቅባታል፤ ቀጠለች። እናትየው የልጅቷን ፀጉር ስትሠራ «ልጄ» የሚለው ቃል እንዳያመልጣት ከንፈሯን ትነክሳለች ይላል። ሸዋረጋ ከንፈሯን ነክሳ የሣሮንን ፀጉር እንደሠራች ለማን ተናግራ ታውቃለች? አይቷት የማያውቅ ደራሲ ይህን ከየት አገኘው? ፍርሃቷ ሳይለቃት በላዩ ሌላ ነገር መጣባት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ መጋረጃ ሲከፈት የሚሰማት ዓይነት።

ገጹ አለቀ።

«እኔ ነጋዴውን!» አለ ማቴዎስ። «የሰው ቤት ጉድ ለምኔ? ሥራም የለኝ፣ ቢያንስ ከበቅሎዎቹ ጋር ልጓዝ።»

«አንተ ደግሞ ከአልጋህ ሳትወርድ!» አለች የሺሐረግ። «እኔ ቤተሰቡን። ሣሩ፣ አንቺ ነሽ የምትለዪን።»

ሸዋረጋ ነጋዴውን በይ፣ ነጋዴውን በይ፣ አለች በልቧ።

«ቤተሰቡን» አለች ሣሮን። «እታለም፣ ልጅቷ እንዴት እንዳወቀች ማየት አለብኝ።»

ሸዋረጋ ቀጣዩን ገጽ በጣቷ ያዘች፤ ግን አልገለጠችውም። ልጇ ይህን ከመጽሐፍ ልትሰማ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ማቴዎስ። «መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?»

«ማቴዎስ፣ ስልክህን ዝጋ» አለች የሺሐረግ፣ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ዝጋ አልኩህ እኮ! እኔም እየወጣሁ ነው።»

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሣሩ፣ መጽሐፉ እንዳይቀድመኝ» አለች ሸዋረጋ። «እኔ እህትሽ አይደለሁም። ወልጄሻለሁ።»

ከደሴ የዶሮ ጩኸት ተሰማ።

«እማዬስ?» አለች ሣሮን በመጨረሻ።

«አያትሽ ናት። ሰው እንዳያወራብን ብላ ነው። እኔም እሺ አልኩ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ትንፋሽዋ ይሰማል። ሸዋረጋ በዚህች ትንሽ ስልክ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው ሲያስብ ስትሰማ ተነሥታ ቆመች፤ ለምን እንደቆመች አላወቀችም።

«ታዲያ አሁን ምን ልበልሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

«እኔም አላውቅም» አለች ሣሮን። «እስካውቅ ድረስ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ሸዋረጋ እንደቆመች ገጹን ገለጠች።