ሁለት ሁለት አበባ

በዊኒፔግ በየዓመቱ በነሐሴ የባህል ሳምንት ሲከበር፣ እኛ ዩክሬናውያን የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ ለከተማው ሕዝብ እንከፍታለን። ደመወዝ የለም፤ ጭቅጭቅ ግን ሞልቷል። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ እኔ ኦልሃ ነኝ። ምላሷ አያድርስ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም።

በዚያ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ስቴፋ ሞተችብን። አዳራሹ በር ላይ ቆማ ለሴት እንግዶች አበባ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ባሏ ጋሽ ኦረስት ከቀብሩ በኋላ እህል አልቀምስ፣ ሰው አላነጋግር አሉ። ቫንኩቨር የምትኖረው ልጃቸው ላሪሳ የአረጋውያን መጦሪያ አገኘችና በባህል ሳምንቱ እሑድ መጥታ ልትወስዳቸው ቆረጠች። እሳቸውም «እንዳሻት» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ የኖሩ ሰው እንዲህ ማለታቸው አንጀቴን በላው።

ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ የሚቆምልኝ ሰው አጣሁ።»

«ሌላ ፈልጊ።»

«እሺ፣ የስቴፋን ቦታ ለፓራስካ እሰጣታለሁ።»

ስቴፋና ፓራስካ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኦረስት ከስቴፋ ጓሮ የቀጠፉትን አበባ በባልዲ ይዘው መጡ።

ወጥ ቤት ውስጥ በድንች የተሞላውን ሊጥ ስንቀቅል ፓራስካ በንዴት ገባች።

«ጉድሽን ስሚ። ሰውዬው ሁለት ሁለት አበባ እያደሉ ነው። ከነነፍሳችን ቀበሩን እኮ።»

በእኛ ዘንድ ሁለት አበባ የሬሳ ነው፤ ለቆመ ሰው የሚሰጠው በጎዶሎ ቁጥር ነው። ይህን ሕፃን እንኳ አይስተውም።

«አንቺን መሬቱስ መች ይቀበልሻል» ብያት ወደ በሩ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሁለት ለሙት መሆኑ ጠፋዎት?»

«አልጠፋኝም» አሉ፣ አበባውን እያዩ። «አንዱ የእንግዳዋ ነው። አንዱ የስቴፋ። የሷን ድርሻ ማን ይስጣት?»

ልቆጣ መጥቼ ባልዲውን አቀረብኩላቸው። ለካ ፓራስካ ተከትላኛለች። ምን ልትል ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከባልዲው አንድ አበባ መዘዘችና እጃቸው ላይ ጨመረች።

«እንግዲያው ሦስት ያድርጉት። ይቺ የእርስዎ ናት። እርስዎ እኮ አልሞቱም።»

ጋሽ ኦረስት አለቀሱ። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሱም ነበር። አላባበልናቸውም፤ እንግዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሦስት ሦስት እያደረጉ መስጠት ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ፓራስካ ምግብ አመጣችላቸው፤ እዚያው እንደቆሙ በሉ።

እሑድ ላሪሳ ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጭና መጣች።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

ጋሽ ኦረስት አንዲት አሮጊት ደግፈው ደረጃውን እያወጡ ነበር። «ዞር በይ እስቲ፣ በሩን ዘጋሽው» አሏት። «ተራዬ እስኪያልቅ ጠብቂ።»

ላሪሳ ወደ እኔ ዞረች። «ተራቸው መቼ ነው የሚያልቀው?»

እኔም አላወቅሁም። ያለቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ እኛው ስንቀብራቸው ነው።