የፊት ተሰላፊው ስለት

ለስለት የተገዛው ቀይ ከፋይ ጥላ በመኪናው ትራንክ አልገባ ስላለ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ የይስሐቅ እናት ሸዋዓለም ቀበቶ አስራለታለች። ይስሐቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ወርቃማው ዘርፍ ሲወዛወዝ በመስተዋት እያየ ነዳ። ዞር ብሎ እንዳያይ አንገቱ አይዞርም። ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ሁለት የአንገቱ አጥንቶች በብረት ታስረዋል፤ መዞር ሲፈልግ እንደ ቁም ሣጥን ሙሉውን ነው የሚዞረው።

ስለቱ ለቀዶ ጥገናው እንደሆነ ገምቷል። አልጠየቃትም። እሱም ያልነገራት ነገር ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ከእንግሊዝ በስልኩ የመጣ የአንድ ዓመት ኮንትራት፣ ግርጌው ላይ በጣት የሚፈረምበት ባዶ መስመር ያለው። እስከ እኩለ ቀን ካልፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሐኪሙ ትናንት ራጁን አይቶ «መጫወት ትችላለህ። እኔ ብሆን ግን አልጫወትም» ብሎት ነበር። ይስሐቅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ወጣ።

ሠላሳ ዓመቱ ነው። ከሃያ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ራግቢ ሊግ ተጫውቷል፤ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሆነው እስኪወድቁ የሚጋጩበት፣ ከወደቁ በኋላም ተነሥተው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። የእሱ ቦታ ከፊት ነው፤ ሥራው ኳሷን ታቅፎ ሦስት ሰው ላይ መሮጥ። በስድስት ዓመት ሦስት ክለብ ቀያየረ። እያንዳንዱ ከተማ ከፊተኛው ያንስ ነበር፤ ዝናቡ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻው ሜዳ ተመልካቹ ስምንት መቶ ከሞላ በድምፅ ማጉያ ምስጋና ይቀርብ ነበር። ቢሆንም እዚያ ሲገባ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሜዳ ውጭ ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረው የለም።

የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ በነጠላ ነጭ በነጭ ሆኗል። የታኅሣሥ ገብርኤል ነው፤ ብርዱ ጫማ ሥር ይገባል። ስለት መዝጋቢው አቶ ኪዳኔ ከታጣፊ ጠረጴዛ ጀርባ ደብተራቸውን ዘርግተው ይስሐቅን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ነው ኳስ ተጫዋቹ? ኳሷን ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሰጣጡት አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ፣ ወደ ፊት መስጠት ክልክል ነው።»

«እና ወደ ፊት ትሄዳላችሁ?»

«በግድ።»

«የኛን የሕንፃ ኮሚቴ ነው የምትነግረኝ» አሉና እርሳሳቸውን በምላሳቸው ነካ አደረጉ።

ሸዋዓለም አልሳቀችም። ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብላ ስለቷን በሹክሹክታ አስመዘገበች። ይስሐቅ ጥላውን ለዲያቆኑ አስረክቦ ተመልሶ ከጎኗ ቆመ።

ስሟ በማይክራፎን የተጠራው ከሰባት ሰው በኋላ ነው።

«እናታችን ሸዋዓለም፣ ልጄን ከራግቢ ጨዋታ አውጣልኝ ብለው ባለፈው ሐምሌ ገብርኤል ተስለው ነበር። ልመናቸው ተሰምቶ፣ ልጃቸው ጨዋታውን ትቶ ወደ ቤታቸው ስለተመለሰ፣ ስለታቸውን ይዘው መጥተዋል!»

እልልታው ግቢውን ሞላው። ሁለት ሺህ ሰው ይሆናል፤ ይስሐቅ በዚህን ያህል ሕዝብ ፊት ተጫውቶ አያውቅም። አንዲት የማያውቃት ሴት ክንዱን ይዛ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

«አመሰግናለሁ» አላት።

ሐምሌ ገብርኤል። አንገቱ የተሰበረው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው።

እናቱን ከሰው ለይቶ አጥሩ ጋ ወሰዳት።

«ያኔ ደህና ነበርኩ እኮ፣ እማዬ።»

«ደህና ስለነበርክ ነዋ። ደህና ሆነህ እንድትመጣ ነው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እንዲህ አድርገህ አውጣው አላልኩም፣ ይስሐቅ። አምስት ወር ሙሉ ለገብርኤል የምነግረው ይሄንኑ ነው።»

ሜዳ ላይ ተጋጭቶ አንገቱን የሰበረውን ልጅ አስታወሰ። በሳምንቱ ቀናት ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሆስፒታል ድረስ ቸኮሌት ይዞለት መጥቶ አልቅሷል። ይስሐቅ በእሱ አልተናደደም፤ ሥራው ነበር። ቁጣው አሁን ነው የመጣው፤ መጥቶም የሚያርፍበት ፈልጎ፣ እግሯን ብርድ ሲነካት አንዱን በሌላው ላይ የምታነባብር አንዲት ሴት ብቻ አገኘ።

«አልተውኩም» አላት። «ኦፈር ልከውልኛል። እስከ እኩለ ቀን ሳይን ማድረግ አለብኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ትጮሃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ስክሪኑን ልክ ሆስፒታል ራጁን እንዳየችው አየችው፤ ምንም ሳይገባት፣ ሁሉም እንደገባት ሆና።

«አንብብልኝ።»

«ረጅም ነው እኮ።»

«ይርዘም። በአማርኛ አንብብልኝ።»

ጀመረላት። ደመወዙን፣ ቤቱን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ነገራት። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ያነበበው ነው፤ ያን ጊዜ ጣቱ እያንሸራተተ ያሳልፈው ነበር። በአማርኛ ግን እያንዳንዱን መስመር መናገር ነበረበት፣ እሷም በእያንዳንዱ ራሷን እየነቀነቀች እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

«ሰባተኛው አንቀጽ ስለ አንገቴ ነው» አለ። «ተጫዋቹ ከዚህ በፊት በደረሰበት ጉዳት ምክንያት...»

ቆመ። የሚቀጥለውን ቃል በአማርኛ የሚያውቀው ከወንጌል ብቻ ነው፤ አራት ሰዎች በአልጋ ተሸክመው፣ ጣራ አፍርሰው የሚያወርዱት ያ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው። ለራሱ ብሎት አያውቅም።

«ምክንያት ምን?» አለች እናቱ፣ ጠጋ ብላ። «ቀጥል እንጂ፤ እየሰማሁህ ነው።»